ጌጡን ማን ይጠብቀው? በጅማ አንድ ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ የወጣ ደንብና የገጠመው ፈተና

ጉዳዩ የተከሰተው ጅማ ከተማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ በማይርቅ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱም ሆነ የባለጉዳዮቹ ስም እዚህ አልሰፈረም፤ ተጎጂዋ ገና በትምህርት ላይ ናት፣ መምህሩም እዚያው ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚማሩ ልጆችን የያዘ፣ የሙስሊሙ፣ የኦርቶዶክሱና የፕሮቴስታንቱ ልጅ በአንድ ዴስክ የሚቀመጥበት ነው። ስለ አንድ ጉትቻ የተጀመረው ነገር ወደ ማተብ፣ ወደ ክታብና ወደ ሂጃብ መርፌ ቁልፍ የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

በአጭሩ የሆነው እንዲህ ነው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጆሮዋ ሥጋ ተቀደደ። ትምህርት ቤቱ ወዲያውኑ ጌጥ ሁሉ ይውለቅ የሚል ደንብ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከወለቁት ጌጦች አንድ የወርቅ ጉትቻ ጠፋ፤ በዚያው ሰሞን የአንድ ልጅ ማተብ ይውለቅ መባሉ ወላጆችን አስቆጣ፤ ደንቡም በወረቀት ላይ እንዳለ በሜዳ ላይ ፈረሰ። በኋላ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ተጠንቶ የወጣው ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው በጥብቅነቱ አይበልጥም። የሚበልጠው የወለቀው ዕቃ የት እንደሚቀመጥና የማይወልቀው ነገር ምን እንደሚደረግበት አስቀድሞ በመወሰኑ ነው። በእኔ እምነት «አውልቁ» ማለት የእንዲህ ዓይነቱ ደንብ ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ጉዳቱ የደረሰበት ሁኔታ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የሣር ሜዳው ጭቃ ሆኗል። መምህሩ ክፍለ ጊዜው ከሚባክን ብሎ ተማሪዎቹን በሲሚንቶ ወደተለሰነው የመረብ ኳስ ሜዳ ወሰዳቸውና መረቡን አውርዶ እጅ ኳስ ያጫውታቸው ጀመር። ይህ ውሳኔ ከጌጡ ባልተናነሰ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አድርጓል። የእጅ ኳስ ሜዳ 40 ሜትር በ20 ሜትር ሲሆን የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ብቻ ነው፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ተራርቀው ሊሮጡ የሚችሉ ልጆች እዚህ ክንድ ለክንድ ተፋፍገው ነበር።

ልጅቱ በዘመድ ሠርግ ምክንያት ያደረገቻቸውን ቀለበት የሚመስሉ ሰፋፊ ሎቲዎች አላወለቀችም፤ አውልቂ ያላትም አልነበረም። ኳስ ተቀብላ ዞር ስትል ልትከላከላት የመጣችው የክፍል ጓደኛዋ ኳሱን ለመንጠቅ እጇን ዘረጋች፤ ጣቷም በሎቲው ክብ ውስጥ ገባ። አንዷ ወደ ግራ፣ ሌላዋ ወደ ቀኝ በመሄድ ላይ ስለነበሩ ለመቆም ጊዜ አልነበረም። ሎቲው አልተከፈተም፤ የጆሮዋ ለስላሳ ሥጋ ከቀዳዳው እስከ ታችኛው ጫፍ ድረስ ለሁለት ተከፈለ። መምህሩ ፊሽካ ነፍቶ ሲደርስ ሎቲው በተከላካይዋ ልጅ ጣት ላይ እንደ ቀለበት ተሰክቶ ነበር፤ የእሷም ጣት ተገሽልጦ ማበጥ ጀምሯል።

ቀጥሎ የሆነው ለብዙ ትምህርት ቤቶች እንግዳ አይደለም። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ ከመምህራን ማረፊያ የተፈጨ ቡና በወረቀት ጠቅልላ እየሮጠች መጣች። ቁስል ላይ ቡና መነስነስ በእኛ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው፤ ደሙንም ያቆመ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዱቄቱ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ለሚሰፋውም ባለሙያ ከመስፋቱ በፊት አጥቦ የሚያወጣው ተጨማሪ ሥራ ይሆናል። መምህሩ «እናታችን፣ ተይው፤ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ስጪኝ» ብሎ ከለከላት፤ የጆሮዋን ሥጋ በታጠበ ነጠላ ቁራጭ ከፊትና ከኋላ በጣቶቹ ጨብጦ ያዘ። ትክክለኛው የመጀመሪያ እርዳታም ይኸው ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ሳያቋርጡ መጫን፣ ጨርቁን በየደቂቃው እያነሡ አለማየት፣ ልጁን አስቀምጦ ማረጋጋት። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ልጅቱን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻት። እዚያም ቁስሉ ታጥቦ፣ አካባቢው በመርፌ ደንዝዞ ተሰፋ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰድ አለመውሰዷም ተጠየቀ። እናትየዋ ከምንም በላይ ያሳሰባቸው ጆሮዋ ዳግመኛ ይበሳ እንደሆነ ነበር። የተሰጣቸው መልስ ጠባሳው እስኪጠነክር ወራት መጠበቅ እንደሚያስፈልግና ሲበሳም በጠባሳው ላይ ሳይሆን ከጎኑ መሆን እንዳለበት ነው።

በዚህ ሁሉ ግርግር ሌላዋ ልጅ ተረሳች። ጣቷ ላይ ፕላስተር ተለጥፎላት ወደ ክፍል ተመለሰች፤ የክፍል ጓደኞቿም «ጆሮ ቀዳጅ» ይሏት ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት ከትምህርት ቤት ቀረች። የጌጥ አደጋ ሁልጊዜ ሁለት ባለጉዳይ አለው፤ ያደረገውና የነካው። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ይህን ዘግይታም ቢሆን ተረድታ ሁለቱን ቤተሰቦች ባታቀራርብ ኖሮ ጉዳዩ ወደ ጎረቤት ጠብ ሊያመራ ይችል ነበር።

ስለ ጌጥና ስለ ስፖርት ምን ይታወቃል?

መምህሩ ከጉዳቱ በኋላ ለርዕሰ መምህሩ ያቀረበው የጽሑፍ ማብራሪያ በስፖርቱ ዓለም የታወቁ ነገሮችን የያዘ ስለነበር ፍሬ ነገሩን እዚህ ማስፈር ተገቢ ነው። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ ቁጥር 4 ተጫዋቾች ሐብል፣ ቀለበት፣ አምባር፣ ጉትቻ፣ የቆዳም ሆነ የላስቲክ ማሰሪያ ሳይቀር እንዳያደርጉ ይከለክላል። ከዚህም በላይ ጌጡን በፕላስተር ሸፍኖ መጫወት አይፈቀድም ይላል፤ ተጫዋቾች ጨዋታው ሳይጀመር፣ ተቀያሪዎችም ሳይገቡ መፈተሽ አለባቸው። የመረብ ኳስና የቅርጫት ኳስ ሕጎችም ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ዕቃ ይዞ መጫወትን ይከለክላሉ።

ፕላስተሩ ለምን እንደማይበቃ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በስብሰባው ላይ ብዙ ወላጅ የጠየቀው ይህንኑ ነበርና። ፕላስተር ጣት በጉትቻው ውስጥ እንዳይገባ ሊከላከል ይችላል። ኳስ ጆሮ ላይ በኃይል ሲያርፍ ግን የጉትቻው ዘንግ ከኋላ ወጥቶ ከጆሮ በስተጀርባ ያለውን ቆዳ ይወጋል፤ ከፊት የተለጠፈ ፕላስተር ለዚህ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ትንሽና ከጆሮ ጋር የተጣበቀ ጉትቻ ከሎቲ የተሻለ ቢሆንም አደጋ የለውም ማለት አይደለም።

ቀለበት ደግሞ ከጉትቻ የከፋ ነው። ቀለበት ያደረገ ጣት በሽቦ አጥር፣ በግብ መረብ ማንጠልጠያ ወይም በአግዳሚ ዘንግ ብሎን ላይ ሲያዝና የሰውነት ክብደት ወደ ታች ሲጎትት የጣቱ ቆዳ ከነደም ሥሩ እንደ ጓንት ሊገፈፍ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዱ ሰርቬት ክለብ ተጫዋች ፓውሎ ዲዮጎ በሻፍሃውዘን ሜዳ ግብ ተቆጥሮ ደስታውን ለመግለጽ አጥር ላይ ዘሎ ወጣ፤ ሲወርድ የጋብቻ ቀለበቱ አጥሩ ላይ ተይዞ የጣቱን ክፍል ቆርጦ አስቀረው። ዳኛው ደስታውን ከመጠን በላይ ገልጿል ብሎ ቢጫ ካርድ እንዳሳየውም በወቅቱ ተዘግቧል። ይህን ታሪክ መምህሩ ለተማሪዎች ሲነግራቸው የሜዳው ዝምታ ከማንኛውም የክልከላ ማስታወቂያ የበለጠ ሠርቷል ይባላል።

አንድ ነገር ጨምሮ መናገር ይገባል። የስፖርት መምህራን ራሳቸው የጋብቻ ቀለበትና ትልቅ ሰዓት አድርገው ልጆችን ሲያንከባልሉ፣ ሲደግፉና ሲያነሡ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ትምህርት ቤትም ጉዳቱ ሲደርስ መምህሩ ቀለበት አድርጎ ነበር። በመጀመሪያው ደንብ ስለ መምህራን አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ልጆቹም ይህን ለማስተዋል ቀን አልፈጀባቸውም።

የመጀመሪያው ደንብ

ደንቡ በጠዋት ሰልፍ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በርዕሰ መምህሩ ተነገረ፤ በማስታወቂያ ሰሌዳም ተለጠፈ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ማንኛውንም ጌጥ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ፈራሚው ይታወቃል፣ ማኅተሙ ይታያል፤ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ለመምህሩ ተተወ።

መምህሩ ያለው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ከክፍል ወጥቶ ሜዳ ለመድረስ፣ ስም ለመጥራትና ሰውነት ለማሟሟቅ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ከ50 በላይ ተማሪዎችን ጆሮ፣ አንገት፣ እጅና ቁርጭምጭሚት መመልከት ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ቀላሉን መንገድ መረጠ፤ የክፍል አለቃው ፌስታል ይዞ በሰልፉ መካከል ያልፋል፣ እያንዳንዱ ያለውን አውልቆ ይጨምራል፣ ፌስታሉም በግቡ ቋሚ ላይ ይንጠለጠላል። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ፌስታሉ ሣሩ ላይ ይዘረገፋል፤ ልጆቹም ተሽቀዳድመው የየራሳቸውን ያነሣሉ።

በዚህ አሠራር ብርን ከነሐስ፣ ወርቁን ከቅቡ የሚለይ አልነበረም። ጉትቻዎች ከሐብል ጋር ይጠላለፋሉ፣ የጉትቻ መቆለፊያዎች ሣር ውስጥ ይቀራሉ። ያልታመኑት ልጆች የየራሳቸውን መላ ፈጠሩ። አንዳንዷ ጉትቻዋን በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረች፤ ሌላው ቀለበቱን በካልሲው ውስጥ ከተተ፤ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ቀለበቱን አፉ ውስጥ ይዞ ሲሮጥ ተገኘ። ይህ የመጨረሻው፣ ሰው ሁሉ የሳቀበት ቢሆንም፣ ከተቀደደው ጆሮ የባሰ ነው፤ እየሮጠ የሚተነፍስ ልጅ አፉ ውስጥ ያለ ቀለበት ወደ አየር ቧንቧ ቢገባ ባጃጅ እስኪጠራ የሚጠብቅ ጊዜ የለውም። ለአደጋ መከላከያ የወጣው ደንብ አዲስ አደጋ እየወለደ ነበር።

ከዚያ የወርቅ ጉትቻው ጠፋ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ ጉትቻዎቹን ከአያቷ የተቀበለቻቸው ነበሩ፤ ከፌስታሉ የወጣው አንዱ ብቻ ነው። ሣሩ ተፈተሸ፣ ቦርሳዎች ተበረበሩ፣ ሦስት ልጆች ቢሮ ተጠርተው ተጠየቁ፤ ጉትቻው ግን አልተገኘም። በማግስቱ የመጡት እናት ያሉት ነገር ኋላ በስብሰባው ላይ ደጋግሞ ተነሥቷል፦ «ልጄ ጆሮ ላይ እያለ አልጠፋም፤ የጠፋው እናንተ አውልቁ ካላችሁ በኋላ ነው። ያስወለቀ ይጠብቃል።» ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱ ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት እንደማይወስድ ቢያስረዱም፣ በደንቡ ላይ እንዲህ የሚል አልተጻፈም። ቢጻፍም እንኳ እናትየዋ የተናገሩት በሕሊና ሚዛን ከብዶ የሚታይ ነው። መምህራኑ ከየኪሳቸው አዋጥተው ጥቂት ገንዘብ ሰጡ፤ እናትየዋ ተቀብለውም አልተቀየሙም ማለት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ፌስታሉን ተወ። ጌጥ ያደረገውን ሁሉ ከጨዋታ አስወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጥ ጀመር። ውጤቱ ለማየት የሚያሳዝን ነበር፤ በሚያደርጉት ጌጥ ብዛት ምክንያት ከጥላው ሥር የሚቀመጡት በአመዛኙ ሴቶች ልጆች ሆኑ። ስፖርት የማይወዱት ደግሞ ሆን ብለው አምባር አድርገው መምጣት ጀመሩ።

ማተቡ

ነገሩን ወደ ወላጆች ስብሰባ የወሰደው ግን ጉትቻው ብቻ አልነበረም። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አንገቱ ላይ ካለው ማተብ ጋር ነሐስ መስቀል አንጠልጥሎ ነበር። ተተኪ ሆኖ የገባ ሌላ መምህር «ማንኛውም ጌጥ» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ ማተቡን አውልቅ አለው። ልጁ እምቢ አለ፤ ሲገደድም አለቀሰ። ክርስትና ሲነሣ የታሰረለትን ማተብ በሰው ፊት አውልቅ ማለት ሃይማኖትህን ተው ከማለት ጋር አንድ ተደርጎ በሚታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ይህ ትእዛዝ ከስፖርት ሜዳ አልፎ በዚያው ቀን ቤት ደረሰ። ሙስሊም ወላጆችም ነገ በልጆቻችን ክታብና በሂጃብ ይመጡብናል ብለው ሰጉ። ሁለቱ ወገኖች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገናኝተው አብረው ቢሮ መግባታቸውን እንደ በጎ ነገር አያለሁ፤ ጉዳዩ የአንድ እምነት ክስ ሳይሆን የወላጆች ጥያቄ ሆኖ እንዲቀርብ አድርጎታልና።

ሆኖም ማተብ አደጋ የለውም ማለት አይቻልም። በጠንካራ ክር ተገምዶ አንገት ላይ የተቋጠረ ማተብ በአግዳሚ ዘንግ ወይም በሌላ ልጅ እጅ ከተያዘ አይበጠስም፤ አንገትን ያንቃል። የተንጠለጠለው ብረት መስቀል ደግሞ ልጁ በደረቱ ሲወድቅ ይወጋዋል፣ ሲገለባበጥም ጥርሱን ይመታዋል። የልጁን ክብርም አንገቱንም መጠበቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ይደነግጋል፤ ሁለቱን አንቀጾች በአንድ ሜዳ ላይ ማስታረቅ ግን ለጠበቃ ሳይሆን ለስፖርት መምህሩ ወድቆ ነበር።

ስብሰባው

ርዕሰ መምህሩ የወላጅ መምህር ኅብረቱን በቅዳሜ ጠዋት ጠሩ። ከኅብረቱ አባላት በተጨማሪ በአካባቢው ካለው ደብር አንድ ካህን፣ ከመስጊዱም አንድ አዛውንት ሐጂ እንዲገኙ መደረጉ ለውጤቱ ወሳኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ በሃይማኖት ጉዳይ ራሱ ቢፈርድ ኖሮ ትክክል ቢሆንም እንኳ ተቀባይ አያገኝም ነበር።

መምህሩ ንግግር ከማድረግ ይልቅ አሳየ። አንድ የተገመደ ማተብ፣ አንድ ቀጭን የጥጥ ክር፣ አንድ ሎቲና አንድ የሂጃብ መርፌ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። የተገመደውን ማተብ በሁለት እጁ ሳበው፤ አልተበጠሰም። ቀጭኑን ክር ሲስበው ግን ወዲያው ተበጠሰ። ካህኑ ይህን አይተው ዋናው ክሩ እንጂ ብረቱ አለመሆኑን፣ ክሩም ቢበጠስ ዳግመኛ እንደሚታሰር፣ ስለዚህ ለልጆች ቀጭንና በኃይል ሲሳብ የሚበጠስ ክር ማሰር፣ መስቀሉንም በስፖርት ቀን ቤት ማስቀመጥ ወላጅን የሚያስጨንቅ ነገር እንዳልሆነ ተናገሩ። ሐጂውም በክታብ ረገድ ልጅን በጓደኞቹ ፊት አውልቅ ማለት እንደማይገባ፣ ነገር ግን ወላጅ ራሱ በስፖርት ቀን ቤት ሊያስቀረው እንደሚችል አስረዱ። ስለ ሂጃብ የተባለው አጭር ነበር፤ ሂጃብ አይወልቅም፣ የሚወልቀው መርፌ ቁልፉ ነው። የዓለም የእግር ኳስ ሕግም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራስ መሸፈኛን ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ከማሊያው ጋር የተያያዘ እንዳይሆንና አንገት አካባቢ አደገኛ ማያያዣ እንዳይኖረው ነው። ያለ መርፌ በራስ ላይ የሚጠለቅ፣ የተሰፋ ሂጃብ በመርካቶው ገበያ እንደሚገኝ ከእናቶቹ አንዷ ተናገረች፤ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ።

ከባድ ክርክር የተነሣው በጉትቻ ላይ ነው። ብዙ እናቶች ጉትቻ ከወለቀ ቀዳዳው ይደፈናል ብለው ይሰጋሉ። በሕፃንነቱ የተበሳና ለዓመታት የቆየ ቀዳዳ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንደማይደፈን ማሳመን አልከበደም። አዲስ የተበሳ ጆሮ ግን ሌላ ነው፤ የጆሮ ሥጋ እስኪድን ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ማውለቅ ቁስሉን ይቀሰቅሳል። የላይኛው የጆሮ ክፍል፣ ማለትም ጠጣሩ፣ ከተበሳ ደግሞ ወራት ይወስዳል። እዚህ ላይ አንድ አባት ያቀረቡት ሐሳብ በጣም ቀላል ነበር፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ለምን አይበሳም? መስከረም እስኪጠባ ይድናል። በእንግሊዝ አገር ያሉ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚሰጡት ምክር ተመሳሳይ ነው፤ የበጋ ዕረፍታቸው ሲጀመር ይበሱ ይላሉ። የእኛ የክረምት ዕረፍት ከዚያ ስለሚረዝም ለዚህ የበለጠ ያመቻል።

በመጨረሻ ማንም ያላሰበውን ነገር ያነሣችው የተማሪዎች ተወካይዋ ናት። «ቁልፉስ?» አለች። ወላጆቻቸው ሥራ የሚውሉባቸው በርካታ ልጆች የቤት ቁልፍ በጠንካራ ገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ። ደንቡ ስለ ጌጥ ብቻ ስለሚናገር ማንም ቁልፍ አውልቅ ብሏቸው አያውቅም፤ ከሁሉም ነገር ይልቅ አንገትን ሊያንቅና ዓይንን ሊወጋ የሚችለው ግን እሱ ነው። በኪስ የሚያዝ እስክሪብቶና በእጅ የሚታሰር ሰዓትም በዚሁ ተነሡ።

ሁለተኛው ደንብ በሜዳ ላይ

አዲሱ ደንብ የሚጀምረው ከቤት ነው። የእያንዳንዱ ክፍል የስፖርት ቀን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ በደብዳቤ ለወላጅ ይነገራል፤ በዚያ ቀን ጌጥ፣ ብረት መስቀልና ክታብ ቤት ይቀራል። የደብዳቤው አንድ መሥመር ውድ ዕቃ በስፖርት ቀን ይዞ ለሚመጣ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሊያደርግ የሚችለውን ልክ በግልጽ ይናገራል፤ ዕቃውን ተቀብሎ በስም ይይዛል፣ ዋጋውን ግን አይተካም። ይህ መሥመር ቀድሞ ቢኖር ኖሮ የወርቅ ጉትቻው ክርክር ቢያንስ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ረስቶ ይዞ የመጣ ልጅ ክፍል ሳይለቅ ያወልቃል፤ ሜዳ ላይ መሰብሰብ ቀርቷል። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ዕቃውን በፖስታ አድርጋ፣ ስሙን ጽፋ፣ ፖስታውን አሽጋ በቢሮ መሳቢያ ትቆልፍበታለች፤ ልጁ ሲረከብ በደብተር ላይ ይፈርማል። ለስፖርት መምህሩ የቀረው ሥራ ሜዳ ላይ መመልከት ብቻ ነው። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የጓደኛውን ጆሮ፣ አንገት፣ እጅና እግር አይቶ እጁን ያነሣል፣ መምህሩም በመካከላቸው ያልፋል። የሰውነት ማሟሟቂያው አካል ስለሆነ ለብቻው ጊዜ አይበላም። መምህሩም ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ በልጆቹ ፊት ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ማንም ሳያዘው የጀመረው ይህ ነገር ከደንቡ አንቀጾች ሁሉ ይልቅ ልጆቹን እንዳሳመናቸው እገምታለሁ።

ሊወልቅ ለማይችለው ነገር የተሰጠው መልስ እንደየነገሩ ይለያያል። ቀጭኑ ማተብ ከናቴራ ውስጥ ገብቶ ልጁ ይጫወታል፤ በአግዳሚ ዘንግ በሚሠራበት ቀን ግን በምድር ላይ የሚሠራ እንቅስቃሴ ይሰጠዋል። በጸጉር ሹሩባ ላይ የተሰካ ዶቃ ወደ ኋላ ተሰብስቦ በጨርቅ ይታሰራል፤ በጭንቅላት የሚደረግ መገለባበጥ በዚያ ቀን የለም። አዲስ ጆሮ የተበሳች ልጅ ከጥላ ሥር አትቀመጥም፤ ንክኪና ኳስ የሌለበት ሩጫ፣ ዝላይና የሰውነት ማፍታታት ትሠራለች፤ ጨዋታ ሲጀመርም ነጥብ ትመዘግባለች ወይም የመሥመር ዳኛ ትሆናለች። ካበጠ ጣት አልወጣ ያለ ቀለበት ሲገጥም መምህሩ በጉልበት አይጎትትም፤ እጁን ወደ ላይ አስይዞ፣ በሳሙና አለስልሶ ይሞክራል፤ ካልሆነ ልጁ በዚያ ቀን ኳስ አይይዝም፣ ወላጅም ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ይነገራል።

አፈጻጸሙ እንከን የለሽ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፖስታ ያልቅ ነበር፤ በተተኪ መምህር በተያዙ ክፍለ ጊዜዎች ምልከታው ይዘለል ነበር፤ የመሳቢያው ቁልፍ ያለባት መምህርት ስትቀር ደግሞ ልጆች ጌጣቸውን ሳይረከቡ ወደ ቤት የሄዱበት ቀን ነበር። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሁለተኛ ቁልፍ ለምክትል ርዕሰ መምህሯ መስጠት ነው። ሜዳው ጭቃ በሚሆንበት ቀን በመረብ ኳስ ሜዳ ላይ እጅ ኳስ ማጫወትም ቀርቷል፤ በምትኩ ክፍሉ በቡድን ተከፍሎ በተራ ይሠራል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ለውጥ ብቻውን ከብዙ የጌጥ ክልከላ ይበልጣል፤ በደንቡ ውስጥ ግን በአንድ አጭር መሥመር ነው የሰፈረው።

ያልተቋጨ አንድ ጉዳይ አለ። ቀጭኑን ማተብ ከናቴራ ውስጥ አድርጎ በክፍለ ጊዜው የሚጫወት ልጅ በትምህርት ቤቶች መካከል ለሚደረግ የእግር ኳስ ውድድር ሲመረጥ፣ ሕግ 4ን እንደተጻፈ የሚያስከብር ዳኛ ያስወልቀዋል ወይም ከሜዳ ያስወጣዋል። ትምህርት ቤቱ ለውድድር የሚመረጡ ልጆች ወላጆችን ከመጀመሪያው ጨዋታ አስቀድሞ ለብቻ ጠርቶ ለማነጋገርና ውሳኔውን ለእነሱና ለንስሐ አባታቸው ለመተው ወስኗል፤ የልጁ ስም በቡድኑ ዝርዝር ላይ የሚጻፈው መልሳቸው ከደረሰ በኋላ ነው።